ልጆቹ አንድ ሌሊት ውጭ ቢያድሩስ?

ባለፈው ሰሞን እራት በልተን ከመመገቢያ አዳራሹ ደጃፍ ስንጨዋወት አንድ ክርክር ተነሣ። ነገሩ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን ከትምህርት ቤታቸው አውጥቶ፣ ጫካና ተራራ ወስዶ፣ አንድ ወይም ሁለት ሌሊት አሳድሮ ስለ መመለስ ነው። አንዱ ጓደኛችን፣ «ይሄ የከተማ ሀብታም ልጆች ቅብጠት ነው» አለ። አንዷ ደግሞ፣ «የሰው ልጅ ይዞ ጫካ ማደር! አንድ ነገር ቢደርስ ማን ሊጠየቅ ነው?» አለች። ሦስተኛው፣ «የገጠር ልጅ ዕድሜውን ሙሉ ተራራ ላይ ነው፤ ደግሞ የምን ተራራ ነው የሚወስዱት?» ሲል ሁላችንም ሳቅንና ተለያየን። እኔ ግን ነገሩ ከሆዴ አልወጣ አለኝ። ስለዚህ ሐሳቤን በዚህችው ጋዜጣችን ላይ አስፍሬአለሁ፤ የምትቃወሙ ካላችሁ መልሳችሁን ከጎኗ ለጥፉ።

በቅድሚያ ጥፋቴን ልናዘዝ። ለማሻሻያ ሥልጠና ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት አራተኛ ክፍል አስተምር ነበር። አንድ ዓመት «የትምህርት ጉዞ» ተብሎ 58 ልጆች በአንድ አውቶቡስ አሳፍረን ወደ አንድ ጫካ ወሰድን። መምህራኑ ሁለት ብቻ ነበርን። ጠዋት ስንሳፈር ቆጠርን፤ እዚያ ከደረስን በኋላ ግን አልቆጠርንም። ልጆቹ እንደ ልባቸው ተራወጡ፣ ዳቧቸውን በሉ፣ ዘፈኑ። እኛ ጥላ ሥር ተቀምጠን ሻያችንን ጠጣን። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ «ተሳፈሩ» ብለን ብንቆጥር 57 ሆኑ። ደግመን ቆጠርን፤ ያው 57።

ያችን ሰዓት ምን ብዬ ልንገራችሁ! ጉልበቴ ከዳኝ። ልጁን ያገኘነው ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል ነው። ጉሬዛ አይቶ ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲከተል መንገዱ ጠፍቶት ኖሯል። አንድ እረኛ አግኝቶት ከከብቶቹ ጋር ይዞት ሲመጣ ደረስን። እረኛው በዕድሜ ከተማሪያችን እምብዛም አይበልጥም። «ጋሼ፣ ይሄ የእናንተ ነው?» አለኝ። አፍሬ መልስ እንኳ በቅጡ አልሰጠሁትም።

በነጋታው ስብሰባ ተጠራና ጉዞ የሚባል ነገር ከዚያ ትምህርት ቤት ተከለከለ። «ለምን እንዲህ ሆነ?» ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። እውነቱን ለመናገር እኔም በልቤ ተመስገን ነው ያልኩት። ዛሬ ረጋ ብዬ ሳስበው ጥፋቱ የጫካው አልነበረም፤ የእኛ ነበር። ለ40 ደቂቃ የሒሳብ ትምህርት የዝግጅት ማስታወሻ ካልያዝን ክፍል አንገባም። 58 ነፍስ ይዘን ስንወጣ ግን በእጃችን አንዲት ወረቀት አልነበረችም። ያ ጉዞ ሽርሽር እንጂ ትምህርት አልነበረም። እንግዲህ የኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ የአዳር ጉዞ እንደ ማንኛውም ትምህርት የሚዘጋጁበት፣ ለሁሉም ልጅ የሚሰጥ ትምህርት ይሁን። እንዲህ ማድረግ ካልቻልን ይቅር።

«ቆይ፣ ለምን አዳር? የቀኑ አይበቃም?» የሚል አይጠፋም። ምሳሌ ልስጥ። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ በወጨጫ ተራራ ላይ የመናገሻ ሱባ ደን አለ። በ15ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ሲነገር የኖረ ጥንታዊ ደን ነው። ጽዱ፣ ዝግባው፣ ወይራው፣ ከፍ ሲሉም ኮሶውና አስታው ይገኝበታል። ጉሬዛና ድኩላም አለ። በቀን ጉዞ የሄደ ተማሪ ግማሽ ቀኑን በመንገድ ያሳልፍና፣ ዛፉን በሩጫ አይቶ፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ይመለሳል። «ምን አየህ?» ቢሉት መልሱ «ጫካ» ነው።

ያደረ ልጅ ግን ጊዜ አለው። ከሰዓት በኋላ አንድ ሜትር ዱላ ያቆምና የጥላውን ርዝመት ይለካል። የዱላው ጥላ አንድ ሜትር ተኩል፣ የዛፉ ጥላ 36 ሜትር ቢሆን ዛፉ 24 ሜትር መሆኑን ራሱ አስልቶ ያገኘዋል። በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንት ቀን ያደነቆርንበት የንጽጽር ሒሳብ ባንዴ ይገባዋል። በማግስቱ ሽቅብ ሲወጣ ብርዱ ለምን እንደ ጨመረ ይጠይቃል። በየ100 ሜትሩ ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ ትንሽ በለጥ እያለ እንደሚቀንስ ያኔ ቢነግሩት አይረሳውም፤ ቆዳው መስክሮለታላ! ጠዋት ሣሩ ላይ ያየው ጤዛ ማታ እንዳልነበረ ያስታውሳል። «ዝናብ ሳይዘንብ ውሃው ከየት መጣ?» ይላል። ጥያቄው ከልጁ ሲመጣ የሳይንስ ትምህርት ግማሹ አለቀ ማለት ነው።

ይሁንና ከሒሳቡና ከሳይንሱ የሚበልጠው ሌላው ነው። እናቱ ውሃ ቀድታ የምታቀርብለት ልጅ ሰሐኑን ራሱ ያጥባል። ብርድ ልብሱን ያጥፋል። ጨለማ የሚፈራው፣ ጓደኛውም እንደሚፈራ ያውቃል። ክፍል ውስጥ ከኋላ ተቀምጦ ድምፁ የማይሰማው ልጅ እሳት ሲያያይዝ ወይም ገመድ ሲቋጥር ከሁሉም ይቀድማል። መምህሩም «እንዴ! ይሄ ልጅ ይህን ሁሉ ያውቃል?» ይላል። ተማሪን በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ማወቅና አብሮ አድሮ ማወቅ ለየቅል ነው።

አሁን ወደዚያ ወዳሳቀን ጥያቄ ልመለስ። የገጠር ልጅ ተራራውን ያውቀዋል፤ እውነት ነው። የቱ ቅጠል ለከብት እንደሚሆን፣ የቱ እንጨት ቶሎ እንደሚነድ፣ ደመናው ወዴት ሲሄድ እንደሚዘንብ ከእኛ ይልቅ እሱ ያውቃል። ነገር ግን ይህ ዕውቀቱ ትምህርት ቤት ሲገባ በሩ ላይ ይቀራል። ማንም አይጠይቀውም፤ በፈተናም አይመጣም። ቀስ በቀስ እሱም ራሱ ዋጋ የሌለው ነገር ይመስለዋል። መምህሩ ይዞት ወጥቶ «እስቲ አንተ ምራን፤ ይህ ዛፍ ምን ይባላል?» ቢለው ግን ያ ልጅ ያን ቀን መምህር ሆነ ማለት ነው። የእኔን ተማሪ ያገኘው እረኛ ከእኛ ከሁለቱ መምህራን ይልቅ ጫካውን ያውቅ ነበር። እኛ ግን አመስግነን እንኳ ስሙን አልጠየቅነውም። ስለዚህ ጉዞው ለገጠሩ ልጅም ይገባዋል።

በሌላ አገር ይህን ነገር እንዴት ያዩታል? በኖርዌይ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2019 ጀምሮ የየአካባቢው አስተዳደር ተማሪዎች በትምህርት ዘመናቸው ቢያንስ ሦስት ሌሊት በተከታታይ የሚያድሩበት ጉዞ እንዲያዘጋጅ በሕግ ታዟል። ወላጅም ክፍያ አይጠየቅም። ችላ ማለት የሚያስከትለውን ደግሞ ከእንግሊዝ እንማር። እዚያም በ1993 በላይም ቤይ የባሕር ወሽመጥ ላይ በአንድ የጉዞ ማዕከል አማካይነት በታንኳ የወጡ 4 ወጣት ተማሪዎች ሞቱ። ማዕከሉን ያስተዳድር የነበረው ኩባንያ ሥራ አስኪያጅ ታሰረ። በ1995 እንዲህ ያሉ ማዕከላት ፈቃድና ቁጥጥር እንዲኖራቸው ሕግ ወጣ። ልብ በሉ! ጉዞውን አልከለከሉም፤ ዝግጅቱን ነው ያጠበቁት።

«ኖርዌይ ሀብታም ናት፣ እኛ ከየት እናምጣ?» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። እዚህ ላይ ነው ዋናው ቁም ነገር። በአገራችን የአዳር ጉዞ የሚባለው በአብዛኛው ከፍ ያለ ክፍያ በሚጠይቁ ትምህርት ቤቶች የሚታይ ነው። መንግሥት ትምህርት ቤት ሲሞከርም «ይህን ያህል ብር ያመጣ ይሄዳል» ይባላል። ያላመጣው ልጅ በዚያ ቀን ባዶ ክፍል ይቀመጣል። ጓደኞቹ ተመልሰው ሳምንቱን ሙሉ የሚያወሩትን ወሬ ይሰማል። እንግዲህ ይህ ልጅ ከዚያ ጉዞ ምን ተማረ? ድህነቱን ተማረ። በኔ እምነት አንድ ልጅ በገንዘብ ምክንያት የሚቀርበት ጉዞ ከነጭራሹ ባይደረግ ይሻላል።

መፍትሔው ግን ሩቅ አይደለም። የመጀመሪያው አዳር በገዛ ትምህርት ቤታችን ግቢ ይሁን። አውቶቡስ የለ፣ ክፍያ የለ። አርብ ማታ የአንድ ክፍል ልጆች ብርድ ልብሳቸውን ይዘው ይመጣሉ። መማሪያ ክፍሉ ተጠርጎ መኝታ ይሆናል። ከየቤቱ ትንሽ ሽሮ፣ ትንሽ ቆሎ፣ በሶም ይዋጣል፤ የሌለው እንጨት ይለቅማል። ምግቡ የጾም ይሁን፤ ያን ጊዜ የክርስቲያኑም የእስላሙም ልጅ ከአንድ ትሪ ይበላል።

ሲመሽም ልጆቹ ሜዳው ላይ ወጥተው ሰማዩን ይዩ። ክንዳችሁን ወደፊት ዘርግታችሁ ጭብጣችሁን ከአድማሱ በላይ ብታቆሙት ጭብጡ 10 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ በላይ የምትታይበት ከፍታ ደግሞ ከቦታው ኬክሮስ ጋር እኩል ነው። አዲስ አበባ በ9 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነች እዚያ ኮከቧ ከአንድ ጭብጥ ጥቂት ዝቅ ብላ ትታያለች። ወደ ሰሜን በሄድን ቁጥር ከፍ ትላለች። በስተ ሰሜን ተራራ ወይም ደመና ካልከለለ የስድስተኛ ክፍል ልጅ የአገሩን ኬክሮስ በገዛ ጭብጡ ለካ ማለት አይደለም ወይ? ይህ ስንት ብር ፈጀ?

ግቢው ውስጥ አንድ ሌሊት ያሳደረ መምህር በሚቀጥለው ዓመት በእግር የሚደረስበት ቦታ ይወስዳቸዋል። ከዚያ ወዲያ ደኑም ተራራውም ይደርሳል። አካባቢው ሰላም ካልሆነ ደግሞ ከግቢ አለመውጣት ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም።

የሴት ልጆችን ነገር ሳላነሣ ባልፍ ቅር ይለኛል። አንዲት እናት በአንድ ወቅት፣ «መምህር፣ አይቀየሙኝ፤ ሴት ልጅ ከቤት ውጭ አድራ አታውቅም» አሉኝ። እኔም ነገሩን እንደ ኋላ ቀርነት ቆጥሬ ልከራከራቸው ቃጣኝ። ኋላ ግን ሳስበው ጥያቄያቸው ተገቢ ነበር። ማን አብሯት ያድራል? በሩን ማን ይይዛል? ሽንት ቤቱስ የት ነው? እነዚህን ስንመልስ ያን ጊዜ እናቲቱ መልስ አገኙ ማለት ነው። ሴት መምህርት ትኑር፤ መኝታው የተለያየ ይሁን፤ ማንም አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን አይሁን። እናቶችም ቢፈልጉ መጥተው አብረው ይደሩ፤ እንጀራውንም ያግዙናል፣ ተረቱንም ያወሩልናል።

ለምንወጣ ሁሉ የሚጠቅም ዝርዝር ከስሕተቴ ተምሬ እነሆ እላለሁ፦

መምህሩ ቦታውን ቀድሞ በእግሩ ሄዶ ይየው። ለአሥር ልጅ ቢያንስ አንድ አዋቂ ይመደብ። ልጆች ሁለት ሁለት ሆነው እየተጠባበቁ ይሂዱ፤ በየደረሱበት፣ በየተነሡበትም ይቆጠሩ። የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ፣ ስልክ ቁጥሩም በመምህሩ ኪስ ይሁን። ውሃ ይፈላ። የከሰል ምድጃ በድንኳንም ሆነ በተዘጋ ክፍል ፈጽሞ አይግባ፤ ጭስ ባይኖረውም በእንቅልፍ ይገድላል። ወንዝ ዳር ድንኳን አይተከል፤ ዝናቡ ሌላ ቦታ ዘንቦ ደራሽ ጎርፍ ሌሊት ሊመጣ ይችላል። ቆላ ከሆነ አጎበር፣ ደጋ ከሆነ፣ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ደህና ልብስ ያስፈልጋል።

አንዲት ትንሽ የምትመስል ነገር ልጨምር። በዚህ ዕድሜ ሌሊት ሽንት የሚያመልጣቸው ልጆች አሉ። እነዚህ በኀፍረት «አልሄድም» ይላሉ፤ ምክንያቱንም አይናገሩም። መምህሩ ወላጅን አስቀድሞ በምስጢር ጠይቆ፣ ሌሊት ቀስ ብሎ ቢቀሰቅሳቸው ማንም ሳያውቅ ያልፋል። እንዲህ ያለው ነገር በመማሪያ መጽሐፍ ላይ አይገኝም፤ ልጁ ግን ዕድሜ ልኩን ያስታውሰዋል።

ለማጠቃለል፣ ጥያቄዬ ለተቋማችንም ነው። ልምምድ ማስተማር ስንወጣ ጥቁር ሰሌዳ አጠቃቀም፣ የክፍል አያያዝ፣ የዝግጅት ማስታወሻ አጻጻፍ እንማራለን፤ መልካም ነው። ልጆችን ይዞ መውጣትና አሳድሮ በሰላም መመለስን ግን ማን አስተማረን? ከመመረቃችን በፊት እኛው ሠልጣኞች አንድ ሌሊት በዚሁ ግቢ ሜዳ ብናድር፣ ብንቆጣጠር፣ ብናበስል፣ አንዱ ቢታመም ምን እንደምናደርግ ብንለማመድ ምን ይጎዳናል? በበኩሌ ብርድ ልብሴን ይዤ የመጀመሪያው ተሰላፊ እኔ ነኝ።

ያ ልጅ ዛሬ አድጓል። ጉሬዛውን ያስታውሰው ይሆን ወይስ ፍርሃቱን ብቻ እያልኩ አንዳንዴ አስባለሁ። የሚቀጥለው ልጅ ጉሬዛውን እንዲያስታውስ ማድረግ ግን በእኛ እጅ ነው።

ከአንድ የማሻሻያ ሠልጣኝ