የበሬሳ ዳር መንገድ የሁላችንም ነው፤ ሽቦው ይነሣ!



እንደሚታወቀው በበሬሳ ወንዝ ዳር ያለው የእግር መንገድ የማንም የግል ሀብት ሆኖ አያውቅም። እናቶቻችን ልብስ ሊያጥቡ የወረዱበት፣ ከብት ውኃ የጠጣበት፣ ተማሪው ደብተሩን ይዞ ያቋረጠበት መንገድ ነው። አሁን ግን አንዳንድ ግለሰቦች ጎን ለጎን ያለውን ይዞታቸውን እየገፉ፣ እየገፉ መጥተው መንገዱን በእሾሃማ ሽቦ ቆርጠውታል። ሽቦ ያላጠረው ደግሞ የግንባታ ፍርስራሽ አራግፎበታል። ባለፈው ክረምት ማታ ከሥራ በብስክሌት ሲመለስ የነበረ የሰፈራችን ልጅ ሽቦውን ሳያየው ገብቶበት ደረቱና ክንዱ ተቀዶ አይተናል። ልጁ ተርፏል፤ ሽቦውም ተርፏል። ለሚመለከተው ክፍል በጽሑፍ አመልክተን እስከ ዛሬ መልስ አላገኘንም።

ይህን ስናነሣ በዕድሩም በጠላ ቤቱም የምንሰማው መልስ አንድ ነው፤ «ብስክሌት የልጆች ጨዋታ ነው፤ ኑሮ እንዲህ ከብዶ ሳለ ስለ ብስክሌት መንገድ ማውራት ቅንጦት ነው» ይሉናል። ኧረ ለመሆኑ በሰፈራችን ብስክሌት የሚነዳው ማነው? ከሌሊት ፈረቃ የሚወጣው የፋብሪካ ሠራተኛ፣ የጥበቃ ሠራተኛው፣ ዕቃውን ከኋላ አስሮ የሚዞረው ብየዳ ሠሪ፣ የባጃጅ ሂሳብ የሚቆጥርበት ተማሪ ነው። ባለ መኪናውማ አስፋልቱ ተሠርቶለታል! ቅንጦት የሚባል ነገር ካለ በቀን ሁለቴ ባጃጅ መሳፈር ነው። ብስክሌት የሚበላው እንጀራና ሽሮ ነው፣ ያውም የነጂውን።

ሌሎች ደግሞ «በአስፋልቱ ይንዱ፣ ማን ከለከላቸው?» ይላሉ። አስፋልቱ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው ዋና መንገድ መሆኑን የረሱ ይመስላል። ከባድ መኪናው ተሳቢውን እየጎተተ ሲያልፍ ነፋሱ ብቻውን ሰው ይጥላል። ኮብልስቶኑስ? ኮብልስቶን ለእግረኛና ለጭቃ መከላከያ መልካም ነገር ነው፣ ያደረግነውም እኛው ነን። ነገር ግን አንድ ኪሎ ሜትር በብስክሌት የሄደበት ሰው ጥርሱ እስኪንገጫገጭ ይንቀጠቀጣል፤ ካቴናው ይወልቃል፣ ጎማው ይላላል። ለብስክሌት የሚስማማው በደንብ የተጠቀጠቀ ገረጋንቲ ነው። ገረጋንቲ ደግሞ ከሁሉም ይረክሳል።

ለምን የወንዝ ዳር? ለሚለው ጥያቄ በሰፊው መልስ መስጠት እንፈልጋለን፤ ምክንያቱም ብዙዎች ያልተገነዘቡት ነገር አለበት። ብስክሌት ነጂን የሚገድለው ርቀት ሳይሆን ዳገት ነው። ውኃ ደግሞ ዳገት አይወጣም፤ በየዘመኑ ለራሱ የሚስማማውን ለስላሳ ቁልቁለት ፈልጎ ሄዷል። በሬሳ ከተማችንን አልፎ ወደ ጀማ፣ ጀማም ወደ ዓባይ ሲወርድ መሐንዲስ አልቀጠረም። ገደሉ እስኪመጣ ድረስ በሜዳው ላይ ዳሩን ይዞ የሚሄድ ሰው ያለ ቀያሽ የተቀየሰ መንገድ አግኝቷል ማለት ነው።

የባቡር ሐዲድም እንዲሁ ነው። የብረት መንኮራኩር በብረት ላይ ስለሚንሸራተት ባቡር ቀጥ ያለ ዳገት አይወድም፤ ስለዚህ ሐዲድ የሚዘረጋበት መሬት ተቆርጦና ተደልድሎ ቀስ እያለ እንዲወጣ ይደረጋል። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የገባው የጅቡቲ ባቡር ከባሕር ጠለል ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ የወጣው በዚሁ ዘዴ ነው። በውጭ አገር ባቡሩ ሥራ ሲያቆም ሐዲዱን ነቅለው ግርጌውን ለእግረኛና ለብስክሌት ይሰጡታል። ስፔን ከ1993 ጀምሮ «አረንጓዴ መንገድ» እያለች ስትሠራው ቆይታለች። ኒው ዚላንድ በ2000 የከፈተችው የኦታጎ መንገድ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል፤ በባቡሩ መቅረት ሊሞቱ የነበሩ ትንንሽ የገጠር ከተሞች በብስክሌተኛው ሻይና አልጋ ነፍስ ዘርተዋል። (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) የእኛው አሮጌ ባቡር በ2009 ዓ.ም. አዲሱ መስመር ከመመረቁ አስቀድሞ ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ መሄድ አቁሟል። ያን የሚያህል የተደለደለ መንገድ ተቀምጦ ሳለ በአገራችን ስለ ብስክሌት ያሰበበት አለመኖሩ ያስቆጫል። እሺ፣ ያ ሩቅ ነው፤ ደብረ ብርሃን ባቡር ገብቶ አያውቅም። የእኛ ሐዲድ በሬሳ ነው።

«ይህ የፈረንጅ ነገር ነው፣ ለሸዋ ምኑ ነው?» የሚሉትንም ሰምተናል። የሸዋ ሰው መንገድ የማያውቅ ይመስል! ከታጁራ የተነሣው የግመል ጭነት ዓልዩ አምባ ላይ ይራገፍና በበቅሎ ወደ አንኮበር ይወጣ የነበረው በማን አገር ነው? ካፒቴን ሐሪስ የተባለው የእንግሊዝ መልእክተኛ እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲመጣ የወጣው በዚያው ዳገት ነው። ያን ጊዜ በመንገዱ ላይ ሽቦ ያጠረ ሰው ቢገኝ ከንጉሡ ዘንድ የሚጠብቀውን አንባቢ ይገምት። የአንኮበር ዳገት ግን ለበቅሎ እንጂ ለሁሉ ብስክሌተኛ አይሆንም፤ ጎበዝ ካለ ይሞክረው። ደግሞም የአገሩ ሰላም ሲደፈርስ የሩቁ መንገድ እንደሚዘጋ ያለፉት ዓመታት አስተምረውናል። ልጆቻችን የሚንቀሳቀሱበት ቦታ ከቤት የሚታይ መሆን አለበት የምንለው ስለዚህም ጭምር ነው።

ብስክሌትስ ቢሆን ለኢትዮጵያ እንግዳ ነው? አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ በተካፈለችበት በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞች ተሰልፈዋል። ጽጋቡ ገብረማርያም ግርማይ በ2008 ዓ.ም. በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ባህር ዳርን ያየ ሰው ደግሞ ብስክሌት የከተማ ነዋሪ እግር መሆኑን አይጠራጠርም። የዓለም የብስክሌት ሻምፒዮና በመስከረም 2018 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አፍሪካ ሲመጣ የተቀበለችው ኪጋሊ ናት፤ እሷም እንደኛው የዳገት አገር ናት። ፈረንጆቹ «ግራቭል» የሚሉት፣ ሰፋ ባለና ነፋሱ በለዘበ ጎማ በጠጠርና በአፈር ላይ የሚደረገው ውድድር ራሱን የቻለ የዓለም ሻምፒዮና ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው፤ ኬንያውያን ከዚያ በፊት በ2021 በማሳይ ማራ አካባቢ እንግዳ ጠርተው አወዳድረዋል። እኛ በ2,840 ሜትር ላይ ተቀምጠን፣ ሳንባችንን ውርጭ አጠንክሮልን፣ ጠጠር ሞልቶልን፣ ሽቦ እናጥራለን።

በሕግም ቢሆን ነገሩ ግልጽ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ የጋራ ንብረት ነው፤ አንቀጽ 44 ደግሞ ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የሁሉም ሰው መብት መሆኑን ይናገራል። በዋና ከተማችን በ2011 ዓ.ም. በተጀመረው የወንዝ ዳርቻ ልማት ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር ሲታቀድ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ አብሮ ታስቧል። አዲስ አበባ ለተበላሹ ወንዞቿ ይህን ያህል ካሰበች፣ ገና ሙሉ በሙሉ ላልተበላሸው በሬሳ እኛ ምን እያሰብን ነው? «ገና» ያልነው በሐፍረት ነው። በአንዳንድ ቦታ ውኃው ቀለሙ ተለውጦ፣ ሽታው አፍንጫ እያስያዘ እንደሚወርድ የታችኛው ሰፈር ነዋሪ ያውቀዋል። ቆሻሻ የሚለቁት ሁሉ ስማቸውን ሳንጠራ ራሳቸውን ያውቃሉ። ሰው የማይሄድበት ወንዝ ዳር ለመጣያ ይመቻል፤ ሰው ሲመላለስበት ግን ዓይን አለበት። መንገዱ ይከፈት የምንልበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ድሮ ግለ ሂስ ይባል የነበረውን ማድረግ አለብን። ብስክሌተኞቻችንም እንከን የለሽ አይደሉም። በልብስ አጣቢዎች መካከል እሽቅድምድም የሚገጥሙ፣ የበግ መንጋ እያስደነበሩ የሚያልፉ ወጣቶች አሉ። አንዲት የጎረቤታችን አሮጊት «እኔ ከሽቦው ይልቅ የምፈራው የእናንተን ልጆች ነው» ብለውናል፤ እውነታቸውን ነው። ስለዚህ መንገዱ ሲከፈት ደንብም ይኖረዋል። መንጋ ሲያልፍ ነጂው ወርዶ በእግሩ ይሄዳል። ደወል የሌለው ብስክሌት፣ ፍሬኑ የማይዝ ብስክሌት አይገባም። እናቶች በሚያጥቡበት ቦታ የሚሮጥ ልጅ ቢገኝ ወላጁ ይጠየቃል። ሴቶች ልጆቻችንም ያለ ሐሜት ይነዱበታል፤ ይህን ለብቻው የጻፍነው አንዳንድ አባቶች ሊነበብላቸው ስለሚገባ ነው።

በሐምሌና በነሐሴ ወንዙ ሞልቶ ዳሩን እንደሚበላ ያነሣችሁት ትክክል ነው። መንገዱ ከአፋፉ ራቅ ብሎ፣ የመረሬው አፈር ተነሥቶ ገረጋንቲ ተደልድሎበት፣ በጎኑ የጎርፍ ማስተላለፊያ ቦይ ተቆፍሮለት መሠራት አለበት። ይህን ካላደረግን አንድ ክረምት አይከርምም። ሲሚንቶ አንጠይቅም፣ ብረት አንጠይቅም። የምንጠይቀው ሽቦው እንዲነሣ፣ ፍርስራሹ ባራገፈው ሰው ወጪ እንዲወጣና የመንገዱ ወሰን በሚመለከተው ክፍል ባለሙያ እንዲተከል ብቻ ነው። ጉልበቱን እኛ እናዋጣለን።

በሚቀጥለው እሑድ ከዕድር ስብሰባ በኋላ ከድልድዩ ሥር እንገናኝ። ወሰኑን በገመድ እንለካለን፤ በነፃ እጅ የሚነሣውን ድንጋይም እናነሣለን። ሽቦውን ራሳችን አንቆርጥም፤ ያጠሩት ጎረቤቶቻችን ናቸውና ሰባት ቀን ሰጥተናቸዋል፣ በሽማግሌም ተነግሯቸዋል። አካፋና ዶማ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። ብስክሌት ያላችሁም ይዛችሁ ኑ፣ ግን እየገፋችሁ።

የሰፈሩ ነዋሪዎች ማኅበር