«ቡና ተዉ» የሚለው ምክር በቡና አገር፦ ስለ ድንገተኛ የፍርሃት ጥቃት

በሕክምና ቋንቋ «ፓኒክ አታክ» የሚባለው ድንገተኛ የፍርሃት ጥቃት ሲነሣ ልብ በኃይል ይመታል፤ ትንፋሽ ያጥራል፤ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ «መሞቴ ነው» ወይም «ማበዴ ነው» የሚል ስጋት ሰውን ይወርራል። ጥቃቱ በደቂቃዎች ውስጥ ከከፍታው ደርሶ ይበርዳል። ታማሚው ግን የልብ ሕመም ስለሚመስለው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሮጣል። ተመርምሮ ልቡ ጤነኛ መሆኑ ሲነገረው አብሮ ሊሰማው ከሚችለው ምክር አንዱ «ቡና ተዉ» የሚል ነው። ይህ ምክር በጅማ፣ በአጋሮ ወይም በሊሙ ገነት ሲሰጥ ምን ማለት እንደሆነ ሊመረመር ይገባል።

ምክሩ ሳይንሳዊ መሠረት አለው። ካፌይን ድካምን የሚያሳውቀውን የአዴኖሲን መልእክት በአንጎል ውስጥ በመጋረድ ሰውነትን ያነቃቃል። በቤተ ሙከራ 480 ሚሊ ግራም ያህል ካፌይን በአንድ ጊዜ ከወሰዱ የፓኒክ ታማሚዎች ግማሽ ያህሉ ጥቃት ደርሶባቸዋል። ይሁን እንጂ ይህ መጠን በትላልቅ ኩባያዎች የተቀዳ የበርካታ ቡናዎች ድምር ነው፤ ከአንዲት ሲኒ ጋር አይተካከልም።

በሌላ በኩል የሥነ ልቦና ባለሙያው ዴቪድ ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1986 ባቀረበው ትንታኔ መሠረት፣ ጥቃቱን የሚያባብሰው የልብ ምቱ ራሱ ሳይሆን ታማሚው ምቱን የሞት ምልክት አድርጎ መተርጎሙ ነው። ፍርሃቱን የሚያኖረው ደግሞ ሽሽት ነው። በጅማ አካባቢ ቡና መጠጥ ብቻ አይደለም፤ ጎረቤት የሚጠያየቅበት፣ ኀዘንተኛ የሚጽናናበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት ሥርዓት ነው። ቡናን ፈጽሞ እንዲተው የታዘዘ ሰው ከረከቦቱ ዙሪያ ይርቃል፤ ብቻውን ይውላል፤ ሲኒው ራሱ የአደጋ ምልክት ይሆንበታል። ምክሩ ካፌይንን ቢቀንስም ሽሽትን ያስተምራል።

የተሻለው መንገድ በሥርዓቱ ውስጥ አለ። ቶናና በረካ የሚፈሉት በአቦሉ አተላ ላይ ውኃ እየተጨመረ ስለሆነ እየቀጠኑ ይሄዳሉ። ስለሆነም ጥቃት በሚደጋገምበት ወቅት ታማሚው ከጎረቤቶቹ ጋር ተቀምጦ አቦሉን ቢያሳልፍ፣ ከበረካው ጥቂት ቢቀምስ፣ ማታ ማታ ቢተወው፣ ጫትንም ቢያቆም ይበጀዋል። ቅነሳው ቀስ በቀስ ቢሆን ይመረጣል፤ በድንገት ማቆም ራስ ምታትና መነጫነጭ ያስከትላልና። ቀጥሎም በባለሙያ ክትትል የልቡ ምት ቢፈጥንም እንደማይገድለው በተግባር ይማራል። በእርግጥ የመጀመሪያው ጥቃት የልብ፣ የደም ማነስና የታይሮይድ ምርመራን ሊተካ አይችልም።

«ግማሽ ክልከላ አይከበርም፤ ሙሉ ክልከላ ግልጽ ነው» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ነገር ግን በቀን ደጋግሞ ቡና በሚፈላበት ቤት ሙሉ ክልከላም ሊጣስ ይችላል፤ ሲጣስ ደግሞ ታማሚው ይደብቀዋል። የተደበቀን ነገር ሐኪም ሊያስተካክለው አይችልም።

ለዚህ ምክር የጎደለው መለኪያ ነው። «በቀን ስንት ሲኒ ይጠጣሉ?» የሚል መጠይቅ አቦልን ከበረካ፣ ትንሿን ሲኒ ከትልቅ ኩባያ አይለይም። የጅማ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1999 የተመሠረተው የግብርና ኮሌጅንና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩትን በማዋሐድ ነው። ቡናን የሚያጠናውና ታማሚን የሚያክመው በአንድ ጣራ ሥር ናቸው። አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ከአቦል፣ ከቶናና ከበረካ የተቀዳውን ካፌይን ለክቶ ለአእምሮ ጤና ክሊኒክ ቢያቀብል፣ «ቡና ተዉ» የሚለው ትእዛዝ «ይህን ያህል ጠጡ፤ ከሰው ግን አትለዩ» ወደሚል ምክር ሊለወጥ ይችላል።