ፍርሃትን ወዴት እንውሰደው?

«ካመንህ ለምን ትፈራለህ?» የሚለው ተግሣጽ በመካከላችን ተለምዷል። እኔ ግን የፈሪውን ሸክም ያከብዳል እንጂ አያቀልም እላለሁ።

ዳዊትን እንመልከት። ሰይፍ ሳይኖረው ጎልያድን በወንጭፍ የጣለው ብላቴና፣ ከሳኦል ሲሸሽ የጎልያድን ሰይፍ ከካህኑ ተቀብሎ ወደ ጎልያድ ከተማ ወደ ጌት ወረደ፤ በዚያም እጅግ ፈራ። በንጉሡ በአንኩስ ፊት እብድ መስሎ ለሃጩን በጢሙ ላይ አዝረከረከ። ሰይፉ ከፍርሃት አላዳነውም።

መዝሙር 56 በርእሱ የሚያስታውሰው ይህንኑ የጌት መከራ ነው። ዘማሪው ፍርሃቱን አይክድም፤ ይዞት ወደ እግዚአብሔር ይቀርባል፤ መታመኑም የሚጀምረው ከዚያው ከፍርሃቱ መካከል ነው።

እንግዲህ የፈራውን ወንድማችንን ከመገሠጽ ይልቅ አብረነው እንጸልይ። የሚንቀጠቀጥ እጅም ወደ ሰማይ ይዘረጋልና።