ዘይት ሸጦ ክኒን

ባለፈው ሳምንት ከሩጫ ልምምድ በኋላ አንድ ተማሪዬ «ቲቸር፣ ይሄ እኮ ድካም ያጠፋል፣ ያስሮጣል» ብሎ የቫይታሚን ሲ ብልቃጥ አሳየኝ። አንዱ ክኒን 1000 ሚሊግራም ነው። «ገንዘቡን ከየት አመጣኸው?» ብዬ ብጠይቀው፣ ለካ ከቤት የራሽን ዘይት ግማሹን ሸጧል። እናቱ አላወቁም።

ሻጩ የነገረው ሁሉ ውሸት አይደለም። ጡንቻ ሲሠራ ፍሪ ራዲካል የሚባሉ፣ ሲበዙ ሰውነትን የሚጎዱ ነገሮች ይፈጠራሉ። ቫይታሚን ሲ እና ኢ እነዚህን ስለሚያከሽፉ አንቲኦክሲደንት ይባላሉ። ታዲያ ክኒን ያበዛ የበለጠ ይሮጣል? አይሮጥም። ፍሪ ራዲካል በልኩ ሲሆን ለጡንቻው «ሥራ በዝቷል፣ ተጠናከር» የሚል ደወል ነው። ደወሉ ከታፈነ ተማሪው መቼ ክፍል ይገባል?

በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ የኖርዌይ ጥናት 54 ሰዎችን ለ11 ሳምንት አሠልጥኗል። ግማሾቹ በየቀኑ 1000 ሚሊግራም ቫይታሚን ሲ ከቫይታሚን ኢ ጋር ወሰዱ፤ የቀሩት መድኃኒት የሌለበት ክኒን። የሩጫ ብቃታቸው በእኩል አደገ። በጡንቻቸው ውስጥ ግን ኃይል የማመንጨት አቅም ማደጉን የሚያሳየው ምልክት የጨመረው ባዶውን ክኒን በወሰዱት ላይ ብቻ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ 50 ጥናቶችን ያጠቃለለ የኮክሬን ግምገማ፣ እንዲህ ያሉ ክኒኖች ከስፖርት በኋላ የሚመጣውን የጡንቻ ሕመም ይህ ነው በሚባል ደረጃ እንደማይቀንሱ አሳይቷል።

ቫይታሚን ሲ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በሶማሊያና በሱዳን ካምፖች የነበሩ ወገኖቻችን አትክልትና ፍራፍሬ በማጣታቸው ድዳቸው እየደማ፣ መገጣጠሚያቸው እያበጠ በስከርቪ ታመዋል። ስለዚህ ጤና ጣቢያ ያዘዘለት ሰው ክኒኑን ይውሰድ፤ ድዱ የሚደማም ሄዶ ይታይ። ለጤነኛ አዋቂ ግን በቀን 100 ሚሊግራም ከበቂ በላይ ነው፤ አንድ ብርቱካንና ትንሽ ጥሬ ቃሪያ ይሞላዋል።

ወላጆች፣ ልጆቻችሁ በልምምድ ሰሞን ምን እንደሚገዙ ጠይቋቸው። እናንተም ሯጮች፣ እግራችሁ ሲተሳሰር መድኃኒቱ በቂ ምግብ፣ ውሃ፣ እንቅልፍና የአንድ ሁለት ቀን እረፍት ነው። የሸጣችሁት ዘይት ራሱ የሩጫችሁ ጉልበት ነበር።

ተማሪዬ ትናንት ለእናቱ ነግሯቸዋል። ዘይቱ ግን አልተመለሰም።