ካሜራው ለእንስሳው፣ አንቴናው ለማማው

ከጎባ ተነሥቶ ወደ ደሎ መና የሚጓዝ ሰው የሳነቴን አምባ ጨርሶ ወደ ሐረና ደን ቁልቁል ሲወርድ በጥቂት ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ሁለት ዓለም ያልፋል። ከባሕር ጠለል በላይ 4,000 ሜትር ገደማ ላይ የተዘረጋው አምባ ገላጣ ነው፤ ከአጭር ሣር፣ ከድንጋይና ከጅብራ በቀር ዓይንን የሚከለክል ነገር የለበትም። ከአፋፉ በታች ግን አስታው ለኮሶ፣ ኮሶው ለቀርከሃና ለረጃጅም ዛፎች ስፍራውን እየለቀቀ ይሄድና ደኑ ሰማይን ይጋርዳል። በዚያ ቁልቁለት ላይ የሚለወጠው ዕፅዋቱ ብቻ አይደለም፤ በተጓዡ ኪስ ያለው ስልክም በየጠመዝማዛው ኔትወርክ ያገኛል፣ መልሶም ያጣል።

በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክና መሰል ቦታዎች ለሚሠራ ተመራማሪ ይህ የተጓዥ ጨዋታ ብቻ ሆኖ የሚቀር አይደለም። እንስሳ ሲያልፍ በሙቀትና በእንቅስቃሴ ነቅተው ፎቶግራፍ የሚያነሡት ወጥመድ ካሜራዎች ዛሬ ሲም ካርድ ይገጠምላቸዋል፤ ያነሡትንም በሞባይል ኔትወርክ ይልካሉ። ጥቅሙ ድካም ከመቀነስ ያለፈ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ለአካለ መጠን የደረሱት ከ500 በታች እንደሆኑ ይገመታል፤ እ.ኤ.አ. በ2003 በወብ ሸለቆ የተነሣው የእብድ ውሻ በሽታም በሸለቆው ከነበሩት አብዛኞቹን ፈጅቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ የምትንገዳገድ ቀበሮ ምስል በዕለቱ ቢደርስ ለክትባት ቡድን ማስጠንቀቂያ ይሆናል። ከአንድ ወር በኋላ ከሚሞሪ ካርድ ላይ ሲገኝ ግን የታሪክ ሰነድ ነው።

ይሁን እንጂ የእንስሳቱ መንገድና የኔትወርኩ መንገድ ሁልጊዜ አይገናኙም። የደጋ አጋዘን የሚጠጣበት ምንጭ፣ ነብር የሚያልፍበት ሸለቆ፣ የዱር አሳማ የሚቆፍረው ረግረግ ብዙውን ጊዜ ከማማው የተሰወሩ ናቸው። በመስክ የሚቀናው መፍትሔ ካሜራውን «ጥቂት» ማዛወር ነው፤ ከሸለቆው ወደ ተረተሩ፣ ከጫካው መሐል ወደ መንገዱ ዳር። መቶ ወይም ሁለት መቶ ሜትር ብቻ ስለሆነ በሪፖርቱ ውስጥ ለመጥቀስ የሚበቃ አይመስልም። ጉዳቱ ግን ከርቀቱ ጋር አይመጣጠንም። ተረተርና መንገድ ዳር ሰው፣ ከብትና ውሻ የሚመላለሱበት፣ ድብቅ እንስሳ የሚሸሸው ስፍራ ነው። ካሜራዎቹ ሁሉ በዚህ መልክ ወደ ሲግናል ከተሳቡ የሚገኘው ውጤት የእንስሳቱ ስርጭት መሆኑ ቀርቶ የኔትወርኩ ሽፋን ካርታ ይሆናል። በገላጣው አምባ የምትኖረው ቀይ ቀበሮ ጎልታ ትታያለች፤ የሐረና አንበሳና ነብር ግን ከእውነታው ይልቅ ብርቅ ይመስላሉ። ይህን በኋላ በስታቲስቲክስ ሞዴል አርማለሁ ማለት አስቸጋሪ ነው፤ ሞዴሉ ካሜራ ስላልተተከለበት ሸለቆ የሚያውቀው ነገር የለምና።

ስለዚህ መንቀሳቀስ ያለበት አንቴናው እንጂ ካሜራው አይደለም። የካሜራውን ቦታ የጥናቱ ጥያቄ ይወስነው፤ ሲግናል ፍለጋው ለአንቴናውና ለኬብሉ ይተው። የቴክኒሻን ሥራ ተብሎ ወደ ጎን የሚገፋው ይህ ጉዳይ በእርግጥ የናሙና አመራረጥ ጉዳይ ነው፤ የመስክ በጀት ሲዘጋጅም በዚያው ዓይን ሊታይ ይገባል።

ከሁሉ በፊት የሚሠራው ከፍታ ነው። ወጥመድ ካሜራ በአብዛኛው የሚታሰረው በሰው ጉልበት ልክ፣ ከመሬት ግማሽ ሜትር ገደማ ላይ ነው። ለእንስሳው ምስል የተመቸ፣ ለሬዲዮ ሞገድ ግን ክፉ ቦታ ነው። ሞገዱ ከማማው ወደ ካሜራው እንደ ተወጠረ ክር አይመጣም፤ መሐሉ የሰፋ፣ ጫፎቹ የጠበቡ፣ የፍሬኔል ዞን የሚባል ክፍት ቦታ ይፈልጋል። ማማው 10 ኪሎ ሜትር ቢርቅና ስርጭቱ በ900 ሜጋኸርዝ ቢሆን፣ ዞኑ በመንገዱ አጋማሽ ላይ ከመሐል መስመሩ በየአቅጣጫው 29 ሜትር ያህል ይሰፋል። ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 60 በመቶው ከኮረብታና ከዛፍ ነጻ ሊሆን ይገባል። አንቴናው ግማሽ ሜትር ላይ ከሆነ ግን ገና ከአጠገቡ ያለው መሬት ራሱ ዞኑን ይዘጋበታል።

ለሜዳማ መሬት በሚያገለግለው ቀላል ስሌት መሠረት የአንቴናው ከፍታ በእጥፍ ባደገ ቁጥር የሚደርሰው ኃይል በ6 ዴሲቤል፣ ማለትም አራት እጥፍ ይጨምራል። ከግማሽ ሜትር ወደ 4 ሜትር መውጣት ሦስት ጊዜ ማጠፍ ነው፤ በወረቀት ላይ 18 ዴሲቤል። ተራራማው መሬት ይህን ሙሉ በሙሉ አይሰጥም። ግማሹ ብቻ ቢገኝ እንኳ ውድ አንቴና በሳጥኑ ላይ ከሚጻፍለት ትርፍ አይተናነስም። በደን ውስጥ ግን «ከፍ ባለ ቁጥር ይሻላል» የሚለው ሕግ ራሱ ይሰበራል፤ ቅጠል በተጨናነቀበት የዛፍ አናት መሐል የገባ አንቴና ከሥሩ፣ በግንዶቹ መካከል ካለው የባሰ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ግምት አይረዳም። የሲግናሉን ጥንካሬ በቁጥር የሚያሳይ ስልክ ይዞ በየሁለት ሜትሩ መለካት ነው። በአራተኛው ትውልድ ኔትወርክ ከማማው የሚደርሰው ኃይል ከ85 ዴሲቤል ሚሊዋት ኔጌቲቭ አካባቢ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ከ110 ኔጌቲቭ ሲያልፍ ያዳግታል፤ 120 ኔጌቲቭ ላይ ፎቶግራፍ ይሄዳል ብሎ ተስፋ ማድረግ ከንቱ ነው።

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው በኬብሉ ላይ ነው። ገዢ የአንቴናውን ቁጥር ያያል፤ ኬብሉን ግን የሚያስበው እንደ ማሰሪያ ገመድ ነው። በተለምዶ አርጂ 58 የሚባለው ኬብል በ900 ሜጋኸርዝ በየሜትሩ ግማሽ ዴሲቤል ገደማ ይበላል፤ 10 ሜትር ሲሆን አንቴናው ከተቀበለው ኃይል ካሜራው ጋ የሚደርሰው ሲሶው ብቻ ነው። ከዚያ የቀጠነው አርጂ 174 በየሜትሩ አንድ ዴሲቤል ያህል ስለሚያጠፋ የ9 ዴሲቤል አንቴናን ትርፍ ጠቅላላ ይውጠዋል። ከእጅ አይሻል ዶማ ማለት ይህ ነው። አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል የሚወፍረው ኤልኤምአር 400 በተመሳሳይ ርዝመት የሚያጠፋው ከአንድ ዴሲቤል ትንሽ ከፍ ያለ ነው፤ ነገር ግን ይከብዳል፣ አይታጠፍም፣ ዋጋውም አይቀመስም። ድግግሞሹ ወደ 1,800 ሜጋኸርዝ ሲወጣ የሁሉም ብክነት ይጨምራል። ከዚህ የሚከተለው ምክር ግልጽ ነው፤ በጀቱ ሁለቱን በማይችልበት ጊዜ መጠነኛ አንቴና ከጥሩ ኬብል ጋር ይገዛ፤ የተገላቢጦሹ አይሁን።

የካሜራው መስኮት የሚያሳየው የመስመር ብዛትም ያታልላል። መስመሮቹ የሚለኩት ከማማው የሚመጣውን ነው፤ ፎቶግራፉ ግን የሚሄደው ከካሜራው ወደ ማማው ነው። የአራተኛው ትውልድ ሞደም ሊያወጣ የሚችለው ከፍተኛ ኃይል በተለምዶ ከአንድ ዋት አንድ አምስተኛ ነው። ሲግናሉ ሲደክም ሞደሙ ወደዚያ ጣሪያ ይወጣል፣ ያልደረሰውን ይደጋግማል፣ ባትሪውንም ያሟጥጣል። ሌሊቱ ውርጭ በሆነበት በሳነቴ፣ ብርድ በራሱ በሚያዳክማቸው የአልካላይን ባትሪዎች ላይ ይህ ሲጨመር ካሜራው ከታሰበለት ጊዜ ቀድሞ ይሞታል። በአግባቡ የተተከለ ውጫዊ አንቴና ለመቀበልም ለመላክም እኩል ስለሚረዳ የመስክ ጉዞውን ቁጥር ጭምር ይቀንሳል።

ከውጭ የሚገዛ ዕቃ ሌላ ጣጣ አለው። በአሜሪካ ገበያ ካሜራዎች እርስ በርስ በአጭር ርቀት ተገናኝተው ምስሉን ኮረብታ ላይ ላለ አንድ ካሜራ የሚያቀብሉበት ዘዴ አለ፤ ለሐረና ዓይነት መሬት የታሰበ ይመስላል። ይሁንና ከእነዚህ መሣሪያዎች አንዳንዶቹ የሚሠሩት በዚያ አገር ያለ ፈቃድ በሚፈቀደው ከ902 እስከ 928 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ነው። ኢትዮጵያ ባለችበት የዓለም አቀፉ የሬዲዮ ድልድል ቀጣና የዚህ ክልል የታችኛው ክፍል ስልኮች ወደ ማማ ከሚልኩበት የ900 ሜጋኸርዝ መስመር ጋር ይደራረባል። እዚህ አምጥቶ ማብራት የገጠሩን ሰው ስልክ ማወክ ነው። ሲግናል የሚያጎሉ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ማጉያዎችም ከተቆጣጣሪው አካል ፈቃድ ሳይጠየቅ ሊተከሉ አይገባም። ኃይል የማይጨምረው ተራ አንቴና ከእነዚህ ጋር አንድ ላይ አይታይም፤ እርሱም ቢሆን የአገሩ ኔትወርክ ለሚጠቀምበት ድግግሞሽ የተሠራ መሆኑ አስቀድሞ መረጋገጥ አለበት።

ከፍ ያለ አንቴና ካሜራውን ለሌባ ያጋልጣል የሚለው ተቃውሞ እውነት አለው። ኬብሉን በግንዱ ጀርባ አሳልፎ፣ አንቴናውን ከመተላለፊያው ርቆ ባለ ሌላ ዛፍ ላይ መስቀል ይረዳል፤ በዚህ የሚጠፋው ሁለትና ሦስት ዴሲቤል ካሜራውን ከማጣት ይሻላል። አይጥና ጦጣ የሚያኝኩት ኬብል በብረት ወይም በጠንካራ ፕላስቲክ ቱቦ መግባት ይኖርበታል። መብረቅ ግን በማስዋብ አይታለፍም። በገላጣው አምባ ላይ ብቻውን የቆመ የብረት ዘንግ የመሬት ገመድ ሊኖረው ግድ ነው፤ ይህን ማሟላት ያልቻለ ጥናት ዘንጉን ባያቆመው ይመረጣል።

የሚቀረው ወረቀቱ ነው። እርጥብ ቅጠል ከደረቅ ይልቅ ሞገድን ያዳክማል። በዝናብ ወራት ያልተላኩ ፎቶግራፎች «እንስሳ አልታየም» ተብለው ከተቆጠሩ ተመራማሪው የደኑን እርጥበት በእንስሳቱ የወቅት ፍልሰት ስም ሊያሳትም ይችላል። የተላኩት ምስሎች ሚሞሪ ካርዱ ላይ ከቀሩት ጋር ሳይነጻጸሩ የወቅት ንጽጽር መሥራት አይገባም። የጥናት ዘዴን በሚገልጸው ክፍል የካሜራው ሞዴልና የሌንሱ ከፍታ ሲጻፍ የአንቴናው ከፍታ፣ የኬብሉ ዓይነትና ርዝመት፣ በተተከለበት ቀን የተለካው የሲግናል ጥንካሬ፣ ካሜራው በሲግናል ምክንያት ከታቀደለት ነጥብ ተዛውሮ ከሆነም ስንት ሜትር እንደተዛወረ አብሮ ይጻፍ። አራት ወይም አምስት መስመር አይሞላም፤ የመመረቂያ ጽሑፍ ገምጋሚዎችም ሳይጻፍ ሲቀር ሊጠይቁት ይገባል።