የላብ ዋጋና ምጽዋት

ልጆች ሆይ፤ የጋምቤላ ከተማ በባሮ ወንዝ ዳር የተቈረቈረች ናት። ባሮ ከኢሉባቦር ደጋ ወርዶ ወደ ምዕራብ ይፈሳል፤ ክረምት በገባም ጊዜ ሞልቶ መርከብ ይሸከም ነበር። በ1894 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋራ በተዋዋሉት ውል በዚህ ወንዝ ዳር የንግድ ሥፍራ ተፈቀደ። ከዚያም በኋላ ለብዙ ዘመን በእንፋሎት የሚሄዱ መርከቦች ከካርቱም እየመጡ ጨውና ልብስ ያራግፉ፥ ቡናም ይጭኑ ነበር።

ነገር ግን ያ ቡና ከጎሬ ደጋ በገዛ እግሩ አልወረደም። በጭነት ከብት ጀርባና በሰው ትከሻ ወረደ። የነጋዴው ስም በመጽሐፍ ተጽፎ ይገኛል፤ የተሸካሚውን ስም ግን የጻፈ ጥቂት ነው። እግዚአብሔር ግን ያውቀዋል።

እስኪ ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። አንድ ነጋዴ ከተሸካሚው ጋራ በ10 ብር ተስማማ እንበል። በመሸ ጊዜ ግን 8 ብር ብቻ ሰጠው። ተሸካሚው ቍጥር አልተማረምና፥ ቋንቋውም ሌላ ነውና፥ ዝም ብሎ ሄደ። እሑድ ያ ነጋዴ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ለድኃ 1 ብር መጸወተ፤ ያዩትም ሰዎች ለጋስ ነው ብለው አመሰገኑት። እናንተ ሒሳብ የተማራችሁ ልጆች፥ ይህ ሰው ምን ሰጠ? ከራሱ አንዳች አልሰጠም። ከቀማው 2 ብር አንዱን ለሌላ ሰው ሰጠ፤ ሁለተኛው ገና በኪሱ ነው።

አንዳንድ ሰው ምጽዋት ከተሰጠ ይበቃል ይላል። እኔ ግን አይበቃም እላለሁ። የሙሴ ሕግ ለድኃው ሠራተኛ፥ መጻተኛም ቢሆን፥ ደመወዙ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲከፈለው ያዛል። ነቢዩ አሞጽ በሐሰት ሚዛን የሚሸጡትን ገሠጸ። ጌታችንም ከአትክልታቸው እንኳ ዐሥራት እያወጡ ፍርድንና ምሕረትን የተዉትን ፈሪሳውያን ወቀሳቸው። ምጽዋት መልካም ነው፤ አስቀድሞ ግን ለሰው የሚገባውን መስጠት ይገባል።

ዛሬ እነዚያ መርከቦች የሉም፤ ተሸካሚው ግን አለ። በጋምቤላ ገበያ አኙዋኩ፥ ኑዌሩ፥ ማጃንጉና ከደጋ የመጣው ሰው ይገናኛሉ። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮም ከደቡብ ሱዳን ጦርነት የሸሹ እጅግ ብዙ ሰዎች በክልሉ ተጠግተዋል። እንጀራውን በጉልበቱ የሚፈልግ እንግዳ፥ ቋንቋ ስለማያውቅ በቀላሉ ይታለላል።

ምናልባት፥ እኛ ልጆች ነን፥ ምን ልናደርግ እንችላለን? ትሉ ይሆናል። ፊደልና ቍጥር ተምራችኋል። አንዲት ያልተማረች እናት ዓሣ ስትሸጥ፥ ሚዛኑ 5 ኪሎ እያሳየ ገዢው 4 ነው ቢላት፥ ቀርባችሁ በአክብሮት፥ «አባቴ፥ ሚዛኑ 5 ይላል» በሉ። ገዢው የገዛ አጎታችሁ ቢሆንስ? ያን ጊዜ መናገር ይከብዳል፤ ምናልባትም ትቈጣላችሁ ይሆናል ብላችሁ የፈራችኋቸው ዘመዶች ይቈጡ ይሆናል። ሆኖም እግዚአብሔርን መፍራታችን የሚታወቀው በዚያች ሰዓት ነው።

እንግዲህ ማንበብን ስትማሩ ለራሳችሁ ብቻ አትማሩ። ማንበብ ለማይችለው ሰው ሚዛኑን በእውነት አንብቡለት።