በስትሮክ ሆስፒታል የተኛ ሰው፦ ለሞት የሚያጋልጡት ነገሮች የትኞቹ ናቸው?

በስትሮክ ሆስፒታል የተኛ ቤተሰብ ካለዎት መጀመሪያ የሚጠይቁት «ይተርፋል ወይ?» ብለው ነው። ሐኪሙ ብዙውን ጊዜ ቁርጥ ያለ መልስ አይሰጥዎትም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሕመምተኛው ሁኔታ በሰዓታት ውስጥ ሊለወጥ ስለሚችል ነው። ሆኖም ለሞት የሚያጋልጡት ነገሮች ምን ምን እንደሆኑ በአገራችንም ሆነ በውጭ የተሠሩ ጥናቶች በአብዛኛው ይስማማሉ። ከእነዚህ ውስጥ አንዳንዶቹን አስታማሚም መከላከል ይችላል።

ስትሮክ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ወደ አንጎል የሚሄድ የደም ሥር በረጋ ደም ሲዘጋ የሚመጣ ሲሆን፣ ሌላው ደግሞ የደም ሥር ፈንድቶ ደም አንጎል ውስጥ ሲፈስ የሚከሰት ነው። በአሜሪካ ከ100 የስትሮክ ሕሙማን 87 ያህሉ የመጀመሪያው ዓይነት ያለባቸው ናቸው። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የስትሮክ ክፍል በተሠራና በ2019 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ግን ሁለቱ ዓይነቶች ከሞላ ጎደል እኩል ነበሩ። ደም የፈሰሰበት ስትሮክ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይበልጥ ገዳይ ነው፤ ዋናው መነሻው ደግሞ ለዓመታት ሳይታከም የቆየ የደም ግፊት ነው። ሁለቱን በምልክት ብቻ መለየት ስለማይቻል ሲቲ ስካን የግድ ነው። ስለዚህ ከምርመራው በፊት «ደም ያቀጥናል» ብለው በቤትዎ አስፕሪን አይስጡ።

ሌላው ትልቅ ምልክት ሕመምተኛው ሲደርስ የነበረው ንቃት ነው። ባለሙያዎቹ ዓይኑን መግለጡን፣ መናገሩን፣ እጅና እግሩን ማንቀሳቀሱን አይተው ከ3 እስከ 15 ነጥብ ይሰጡታል። 8 እና ከዚያ በታች ከሆነ አደጋው ከባድ ነው፤ የአንጎል እብጠት በመጀመሪያው ሳምንት ለሚደርሰው ሞት ዋና ምክንያት ስለሆነ። የዕድሜ መግፋት፣ ከፍ ያለ ስኳርና ቀደም ሲል የነበረ የልብ ሕመምም ይጨመሩበታል።

ከመጀመሪያዎቹ ቀናት በኋላ ግን ብዙ ሰው የሚሞተው ከስትሮኩ ይልቅ እሱን ተከትሎ በሚመጣ ሕመም ነው። ግንባር ቀደሙ የሳንባ ምች ነው። ስትሮክ የመዋጥ አቅምን ስለሚያዳክም ምግብና ውሃ ወደ ሳንባ ይገባል። በእኛ ሆስፒታሎች ምግብ የሚያጎርሰው አብዛኛውን ጊዜ ቤተሰብ ነው፤ «ጉልበት እንዲያገኝ» ተብሎ በጀርባው ለተኛ ሰው አጥሚት ወይም ሾርባ በማንኪያ መስጠት የተለመደ ነው። ፍቅር ነው፣ ግን ሊገድል ይችላል። መዋጥ መቻሉ በባለሙያ ሳይታይ ውሃም ቢሆን፣ የሚዋጥ መድኃኒትም ቢሆን አይስጡ። ከተፈቀደ በኋላም ቀጥ አድርገው አስቀምጠው በጥቂት በጥቂቱ ይስጡ፤ ትን ካለው ወይም ድምፁ እርጥብ እርጥብ ካለ ያቁሙና ነርሷን ይጥሩ። በአፍንጫ የሚገባው የምግብ ቱቦ ቤተሰብን ያስደነግጣል፤ «ተስፋ ቆርጠው ነው» የሚሉም አሉ። እውነቱ ግን ሕመምተኛው በደህና እንዲመገብ የሚደረግ መሆኑ ነው።

በ2011 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት የዚህን ጥቅም በግልጽ አሳይቷል። በ19 የስትሮክ ክፍሎች በተሠራው በዚህ ጥናት፣ በአንደኛው ወገን ነርሶች ሦስት ነገሮችን ብቻ በጥብቅ እንዲከታተሉ ተደረገ፦ ትኩሳት፣ ስኳርና መዋጥ። ከ90 ቀን በኋላ በተለመደው አሠራር ከታከሙት 58 በመቶ ሞተው ወይም አካል ጉዳት ቀርቶባቸው ተገኙ፤ በእነዚህኞቹ ግን 42 በመቶ ነበር። ውድ መሣሪያ አልተጨመረም። እርስዎም «ትኩሳቱና ስኳሩ ዛሬ ስንት ነው?» ብለው ቢጠይቁ መብትዎ ነው። በየ2 ሰዓቱ ጎኑን ማገላበጥም የአልጋ ቁስልን ይከላከላል።

የደም ግፊቱ ከፍ ብሎ ቢያዩ በራስዎ መድኃኒት አይስጡ። ደም ለፈሰሰበት ሰው ሐኪሙ ቶሎ ሊያወርደው ይፈልጋል፤ የደም ሥሩ ለተዘጋበት ግን በኃይል ማውረድ አንጎሉን ይበልጥ ሊጎዳ ይችላል።

ስለ ሰዓቱም እንነጋገር። የረጋ ደምን የሚያሟሟው መርፌ በአብዛኛው የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። በአገራችን የሚገኘው በጥቂት ቦታ ብቻ ነው፤ «ምች ነው» ተብሎ ቤት የሚያድር ሰው ደግሞ መርፌው ባለበት ከተማም ዕድሉ ያመልጠዋል። አፉ የተጣመመ፣ አንድ ጎኑ የዛለ ወይም አንደበቱ የተያዘ ሰው ሲያዩ ሰዓቱን ይመዝግቡ። ተኝቶ ሲነሳ ከሆነ የታየው፣ መጨረሻ ደህና ሆኖ የታየበትን ሰዓት ለድንገተኛ ክፍሉ ሐኪም ይንገሩ።